ግዙፎቹ የድንጋይ ዝንቦች (የፕቴሮናርሲይዴ አስተኔ)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ገልብጠው ያገኙት ትልቅ ጥቁር ነፍሳት ምን እንደሆነ ለሚጠይቁ ሁሉ፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

የድንጋይ ዝንብ ዝንብ ነው?

አይደለም። የቤት ዝንብና ዘመዶቿ ያላቸው አንድ ጥንድ ክንፍ ብቻ ነው፤ የድንጋይ ዝንብ ግን አራት ክንፍ አለው፤ ሲያርፍም አራቱንም ደራርቦ ጀርባው ላይ ያስተኛቸዋል። የራሱ ክፍለ መደብ አለው፤ ፕሌኮፕቴራ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን "እጥፍ ክንፍ" እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሄርማን ቡርማይስተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1839።

"የድንጋይ" የተባለው በኑሮው ነው። ልጅነቱን በሙሉ ወራጅ ውኃ ውስጥ፣ ድንጋይ ስር ተለጥፎ ያሳልፋል። አድጎ ሲወጣም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ወንዝ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ነው። በዓለም ላይ ከ3,500 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ እዚህ የምናወራው ግን ከእነሱ መካከል ስለ አንድ አስተኔ (ቤተሰብ) ብቻ ነው።

ፕቴሮናርሲይዴ ከሌሎቹ የድንጋይ ዝንቦች በምን ይለያል?

መጀመሪያ ዓይን የሚስበው መጠኑ ነው። ብዙዎቹ የድንጋይ ዝንቦች ከጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጡም። የዚህ አስተኔ ትልልቅ ዝርያዎች ኩብኩባ ግን ጭራውን ሳይጨምር እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። (ኩብኩባ የምንለው ክንፍ ያላወጣውን ልጅ ነው፤ የአንበጣን ልጅ እንደምንጠራው።) መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት እግሮቹ ቆዳን ቆንጠጥ አድርገው ሲይዙ ይሰማል።

ባለሙያ ግን በመጠን ብቻ አይፈርድም፤ ትንሽ ኩብኩባም የዚህ ቤተሰብ ልጅ ሊሆን ይችላልና። የሚያየው ስንጥቡን ነው። ስንጥብ ዓሣም የሚተነፍስበት አካል ሲሆን፣ በእነዚህ ኩብኩባዎች ላይ ከደረታቸው ስር በሦስቱም የደረት ክፍሎች፣ እንዲሁም ከሆዳቸው ስር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀለበቶች ላይ እንደ ቁራጭ የጥጥ ፈትል ሆኖ ይታያል። ሆዱ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ የበዛበት ስንጥብ ካለው ሌላ አስተኔ መፈለግ አያስፈልግም። ጎልማሳው ላይ ደግሞ የክንፉ ጅማት ይመሰክራል፤ የክንፉ የኋላ ሰፊ ክፍል በተደረደሩ አግድም ጅማቶች እንደ መረብ የተጠላለፈ ነው።

ስንት ዝርያ አለው? የትስ ይኖራል?

ቤተሰቡ ትንሽ ነው፤ በሁለት ወገኖች የተከፈሉ 12 ያህል ዝርያዎች ብቻ ናቸው። ትልቁ ወገን ፕቴሮናርሲስ ሲሆን ግዙፎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ፕቴሮናርሴላ በአካል አነስ ያሉትን ይዟል።

መኖሪያቸው ሰሜን አሜሪካና ምሥራቅ እስያ ነው። ብዙዎቹ በሰሜን አሜሪካ ይገኛሉ። ፕቴሮናርሲስ ካሊፎርኒካ በምዕራቡ ተራራማ ክፍል ባሉ ትልልቅ ወንዞች፣ ፕቴሮናርሲስ ዶርሳታ ደግሞ ከካናዳ ጀምሮ እስከ ዩናይትድ ስቴትስ ምሥራቃዊ ክፍል በሰፊው ይኖራሉ። በአፓላቺያን ተራሮች ጅረቶች ውስጥ ሌሎች ብዙም ያልተስፋፉ ዝርያዎች አሉ። በእስያ በኩል በሳይቤሪያ፣ በሳካሊንና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ሁለት ዝርያዎች አሉ። አውሮፓ፣ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ የሉም፤ እዚያ ትልቅ የድንጋይ ዝንብ ካያችሁ የሌላ አስተኔ አባል ነው።

ይናከሳል? መርዝ አለው?

አይናከስም፣ አይናደፍም፣ ደም አይመጥም፣ በሽታም አያስተላልፍም። በሺዎች ሆነው ከወንዝ ሲወጡ ልብስና አንገት ላይ መውጣታቸው ሰውን ያስደነግጣል እንጂ ጉዳት የላቸውም። ጭራ የሚመስሉት ሁለቱ ረጃጅም ክሮችም ለመዳሰስ ያገለግላሉ እንጂ መንደፊያ አይደሉም።

ኩብኩባውን ከሌሎች የውኃ ነፍሳት እንዴት እለየዋለሁ?

ጭራውን ቁጠሩ። የድንጋይ ዝንብ ሁል ጊዜ ሁለት ጭራ አለው። በጣም የሚመሳሰለው "የአንድ ቀን ዝንብ" የሚባለው የኤፌሜሮፕቴራ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጭራ አለው። ሁለት ጭራ ያለው የአንድ ቀን ዝንብም ስላለ ግን በዚህ ብቻ አትወስኑ፤ እግሩን በማጉያ መነጽር እዩት። የድንጋይ ዝንብ በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ ሁለት ጥፍር ሲኖረው ያኛው አንድ ብቻ ነው ያለው። ስንጥቡም የአንድ ቀን ዝንብ ላይ በሆዱ ጎንና ጎን እንደ ቅጠል ተደርድሮ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሚያሳስተው ፐርሊዴ የሚባለው ሌላው ትልቅ የድንጋይ ዝንብ አስተኔ ነው። የፐርሊዴ ልጆች ብዙ ጊዜ ቢጫና ቡናማ ጌጥ ያላቸው፣ ጠፍጣፋና ፈጣን አዳኞች ናቸው። የእኛዎቹ ወጥ የሆነ ጥቁር ቡናማ ቀለም አላቸው፤ እርምጃቸውም የተረጋጋ ነው። ድንጋዩን ስትገለብጡ ፐርሊዴ ሮጦ ወደ ሌላው ጎን ይሰወራል፣ ፕቴሮናርሲስ ግን ባለበት ይጨብጣል ወይም ተጠቅልሎ ይወድቃል። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

ምን ይበላል?

የወደቀ ቅጠል። መልሱ ቀላል ቢመስልም በእኔ እምነት ስለዚህ አስተኔ መታወቅ ካለበት ነገር ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ዛፍ ቅጠሉን ወንዝ ላይ ሲያራግፍ ቅጠሉ ሰምጦ ድንጋዮች መካከል ይከማቻል። ትኩስ ቅጠል ጠንካራና ገንቢነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ኩብኩባው አይቸኩልም። የውኃ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ወርረው እስኪያለሰልሱት ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ኩብኩባው የሚበላው ያኔ ነው፤ ከቅጠሉ ሥጋ ይልቅ የሚጠቅመውም ላዩ ላይ የበቀለው ፈንገስ ነው። ስስ የሆነውን በልቶ ጅማቱን ሲተወው ቅጠሉ እንደ ዳንቴል ተበሳስቶ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ዋቅላሚና አልፎ አልፎም የሌላ ነፍሳት ቁራጭ ይበላል።

የወንዝ ሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ነፍሳት "ቆራጮች" ይሏቸዋል። የሚቆርጡት ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ከአፋቸው የሚያመልጠው ፍርፋሪና ከሆዳቸው የሚወጣው ፍግ ከወራጁ ጋር ይሄድና ውኃ እያጠለሉ ለሚበሉ የጥቁር ዝንብ እጮችና ለሌሎች ምግብ ይሆናል። ጥላ ባለበት ጅረት ውስጥ ከፀሐይ ይልቅ ሕይወትን የሚመግበው ከዳር የሚወድቀው ቅጠል ነው። ያንን ቅጠል ለሌላው እንዲዳረስ አድርገው ከሚሰባብሩት መካከል እነዚህ ግዙፎች ይገኙበታል።

ዕድሜው ስንት ነው?

እንደ ዝርያውና እንደ ውኃው ሙቀት ይለያያል። ትልልቆቹ ፕቴሮናርሲሶች ውኃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይቆያሉ። ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድገቱ ይዘገያል። ፕቴሮናርሴላዎች ቀድመው ይደርሳሉ።

ከውኃ ከወጡ በኋላ የሚኖሩት ግን ቢበዛ ጥቂት ሳምንታት ነው። ጎልማሳው ውኃ ይጠጣል እንጂ ይህ ነው የሚባል ምግብ አይበላም፤ የሚንቀሳቀሰው ኩብኩባ ሳለ ባጠራቀመው ስብ ነው። ስለዚህ "ዕድሜው አጭር ነው" የሚለው አባባል የሚመጣው ክንፍ ያወጣበትን ጊዜ ብቻ ከመቁጠር ነው። ዓመታቱ ውኃ ስር ናቸው።

ወደ ጎልማሳነት የሚሸጋገረው እንዴት ነው?

እንደ ቢራቢሮ ሙሽሬ በሚባለው የማይንቀሳቀስ ደረጃ አያልፍም። ኩብኩባው ከአሥር ጊዜ በላይ ቆዳውን እየለወጠ ያድጋል። በየልውጠቱ ጀርባው ላይ ያለው የክንፍ እምቡጥ ትንሽ ትንሽ እያበጠ ይሄዳል። እምቡጡ ጠቁሮና ወፍሮ ከታየ መውጫው ቀርቧል ማለት ነው።

ቀኑ ሲደርስ ኩብኩባዎቹ ወደ ዳር ይሰበሰባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ ወይም ሌሊት ከውኃ በእግራቸው ይወጣሉ። ድንጋይ፣ የዛፍ ግንድ፣ የድልድይ እግር፣ ያገኙትን ሁሉ ይወጣሉ። ከዚያ ጥፍራቸውን አጥብቀው ይቆማሉ። የጀርባ ቆዳቸው ከራሳቸው ጀምሮ በመሐል መስመር ይተረተርና ጎልማሳው ለስላሳና ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ክንፉ መጀመሪያ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተጨማደደ ነው፤ ቀስ በቀስ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ሰውነቱም በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል።

ማለዳ ላይ ሄዶ ማየት ያለባችሁ የቀረውን ገለፈት ነው። ባዶ ሆኖም ድንጋዩን እንደጨበጠ ነው። ስንጥቁን በጥንቃቄ ብትከፍቱት ውስጡ ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለው ታያላችሁ። እነዚያ የአየር ቧንቧዎቹ ውስጠኛ ሽፋኖች ናቸው። ነፍሳቱ የውጭ ቆዳውን ብቻ ሳይሆን የመተንፈሻ ቧንቧዎቹንም ሽፋን ጎትቶ አውጥቶ ነው የሄደው። እኔ ይህን ሳይ ሁሌም ዝም እላለሁ።

"የሳልሞን ዝንብ" የሚባለው ለምንድን ነው? ከሳልሞን ዓሣ ጋር ይገናኛል?

ስሙ በተለይ ለፕቴሮናርሲስ ካሊፎርኒካ የተሰጠ ነው። የጎልማሳው ሰውነት ከላይ ጥቁር ቢሆንም ከስሩና በመጋጠሚያዎቹ በኩል የሳልሞን ሥጋን የሚመስል ብርቱካናማ ቀለም አለው። ዓሣን በተመለከተ ስሙ በይበልጥ የሚነሳው ከትራውት ጋር ነው። እንደ ማዲሰን፣ ቢግ ሆልና ዴሹትስ ባሉ የምዕራብ አሜሪካ ወንዞች ጎልማሶቹ በፀደይ መጨረሻና በበጋው መጀመሪያ በብዛት ሲወጡ ትራውት ጥንቃቄውን ትቶ ይበላል፤ ዓሣ አጥማጆችም ከሩቅ ይመጣሉ።

መውጣቱ በወንዙ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም። ውኃው ቀድሞ ከሚሞቅበት ከታችኛው ክፍል ይጀምርና በየቀኑ ወደ ላይኛው ይሸጋገራል። አንድ ቦታ ላይ ሳምንት ያህል ቆይቶ ያልፋል። በዚያች ሳምንት ዓሣው ብቻ ሳይሆን ወፉ፣ ሸረሪቱና የሌሊት ወፉም ይጠግባሉ፤ ከወንዝ የወጣው ሥጋም የብስ ላይ ሞቶ አፈር ያዳብራል። ከየብስ በቅጠል መልክ ወደ ውኃ የገባው፣ ከዓመታት በኋላ ክንፍ አውጥቶ ወደ የብስ ይመለሳል።

ወንዱና ሴቷ እንዴት ይገናኛሉ?

ከበሮ በመምታት። ወንዱ ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል ላይ ሆኖ የሆዱን ጫፍ እያነሳ ይደልቃል። ንዝረቱ በአየር ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ ይሄዳል። ገና ከወንድ ጋር ያልተራከበች ሴት በዚያው ተክል ላይ ካለች ንዝረቱን በእግሯ ሰምታ የራሷን ምት ትመልሳለች። ወንዱ መልሱን ተከትሎ ጥቂት ይራመዳል፣ እንደገና ይደልቃል፣ እሷም ባለችበት ሆና ትመልሳለች፤ እንዲህ እየተጠራሩ ይገናኛሉ። ከወንድ ጋር የተራከበች ሴት መልስ መስጠት ታቆማለች።

የምቱ ብዛትና በምቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በየዝርያው የተለየ ነው። ስለዚህ ሁለት ዝርያዎች በአንድ ዛፍ ላይ ቢሆኑም አይደናገሩም። ተመራማሪዎችም ምቱን ቀድተው ተቀራራቢ ዝርያዎችን ለመለየት ይጠቀሙበታል።

እንቁላሉን የት ነው የሚጥለው?

ሴቷ እንቁላሎቿን በሆዷ ጫፍ ላይ እንደ ጥቁር ድቡልቡል አድርጋ ትሸከምና ወደ ወንዙ ትበራለች፤ ከላይ ትለቃቸዋለች ወይም ሆዷን ውኃ ታስነካለች። ድቡልቡሉ ውኃ ሲነካው ይበታተናል፣ እያንዳንዱ እንቁላል ሰምጦ በጠጠር መካከል ይጣበቃል። የፕቴሮናርሲስ እንቁላል ቶሎ አይፈለፈልም፤ ጽንሱ ዕድገቱን ገትቶ ብርዱን ወራት በዕረፍት ሊያሳልፍ ይችላል።

ውኃ ውስጥ የሚተነፍሰው እንዴት ነው? "ፑሽ አፕ" ይሠራል የሚባለውስ እውነት ነው?

እውነት ነው። ስንጥቡ ኦክስጅን የሚወስደው አጠገቡ ካለው ውኃ ነው። ያ ውኃ ካልተለወጠ ኦክስጅኑ ያልቃል። ወራጁ ሲቀንስ ወይም ውኃው ሲሞቅ ኩብኩባው እግሮቹን ዘርግቶ ሰውነቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህም ስንጥቡ ላይ አዲስ ውኃ ያመጣል። ባልዲ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ኩብኩባ እንዲህ ማድረግ ከጀመረ እየታፈነ ነውና ወደ ወንዙ መልሱት።

ቀዝቃዛ ውኃ የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 9 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ የነፍሳቱ የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል። አቅርቦቱ በሚያንስበት ሰዓት ፍላጎቱ ይበዛል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አስደናቂ ግኝት አለ። ነፍሳት በደማቸው ኦክስጅን አያጓጉዙም፣ የአየር ቧንቧቸው ይበቃቸዋል ተብሎ ሲታመን ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ፐርላ ማርጊናታ በተባለ የድንጋይ ዝንብ ደም ውስጥ ሄሞሳያኒን ተገኘ። ይህ ሸርጣንና ሸረሪት ኦክስጅን የሚያጓጉዙበት፣ መዳብ ያለው ፕሮቲን ነው። ፐርላ የሌላ አስተኔ አባል ብትሆንም ግኝቱ ክፍለ መደቡ በሙሉ ምን ያህል ጥንታዊ ባሕርይ ይዞ እንደቆየ አሳይቷል።

ጠላት ሲመጣበት ምን ያደርጋል?

በፍጥነት አያመልጥም፤ ሌላ ዘዴ አለው። ሲነካ ሆዱን ወደ ውስጥ ቀልብሶ ይጠቀለልና የሞተ ይመስላል። ጠንካራው የጀርባ ቅርፊቱ ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ስንጥብ ወደ ውስጥ ይሆናል።

ይህ ካልበቃ በተለይ እንደ ፕቴሮናርሲስ ፕሮቴየስ ያሉት ከእግራቸው መጋጠሚያ የራሳቸውን ደም ይረጫሉ። ቆዳው መጋጠሚያው ላይ ስስ ስለሆነ ውስጣዊ ግፊት ሲጨምር ይሰነጠቅና ደሙ ይፈናጠራል። ወዲያውም ይረጋል፤ የሚያጠቃውን ነፍሳት አፍና አንቴና ሊያጣብቅ ይችላል። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ ይዘጋል።

የውኃ ጥራት ምልክት ነው የሚባለው ምን ያህል ትክክል ነው?

በጣም ትክክል ነው። የውኃ ነፍሳትን የብክለት መቻል አቅም ከ0 እስከ 10 የሚለካው የሂልሰንሆፍ መለኪያ ለፕቴሮናርሲስ የሚሰጠው 0 ነው፤ ማለትም የኦርጋኒክ ብክለትን ፈጽሞ አይችልም። ከዚህ በላይ ደግሞ ረጅም ዕድሜው ምስክርነቱን ያከብደዋል። በላብራቶሪ የተመረመረ አንድ ጠርሙስ ውኃ የሚናገረው ስለተቀዳበት ሰዓት ነው። የሦስት ዓመት ኩብኩባ ግን ሦስቱንም ዓመት ውኃው ሳይበላሽ እንደቆየ ያረጋግጣል፤ አንድ ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ እንኳ ሊገድለው ይችል ነበርና።

ከፍሳሽ ሌላ የሚጎዳው ደለል ነው። መኖሪያው በድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ደለል ያንን ሲደፍነው ቤቱም መተንፈሻውም ይዘጋል። ግድብም የወንዙን ሙቀትና ፍሰት ስለሚለውጥ የሚወጣበትን ጊዜ ያዛባል። በዩታ ግዛት በሎጋን ወንዝ ይገኝ የነበረው ፕቴሮናርሲስ ካሊፎርኒካ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ጠፍቷል። በኋላ ከሌላ ወንዝ ኩብኩባዎችን አምጥቶ ለመመለስ ተሞክሯል። ዕድገቱ ዓመታት የሚፈጅ ነፍሳት አንዴ ከጠፋ መመለሱ ቀላል አይደለም፤ ጎልማሳውም ሩቅ የሚበር አይደለም።

ወንዙ ውስጥ ካልተገኘ ውኃው ተበክሏል ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መገኘቱ የንጽሕና ማስረጃ ነው፤ አለመገኘቱ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ወንዙ በተፈጥሮው ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ አሸዋማ ወይም ሞቃት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አካባቢው አስተኔው ጭራሽ የማይኖርበት ነው። ምናልባትም የፈለጋችሁት ጎልማሶቹ ወጥተው አዲሶቹ ገና በዓይን የማይታዩ ሕፃናት በሆኑበት ወቅት ይሆናል። ስለዚህ ፍርድ የሚሰጠው የድንጋይ ዝንቦችን፣ የአንድ ቀን ዝንቦችንና ትሪኮፕቴራ የሚባሉትን ሌሎች የውኃ ነፍሳት አንድ ላይ ቆጥሮ፣ ከተመሳሳይ ያልተነካ ወንዝ ጋር አነጻጽሮ ነው።

በምደባው ውስጥ ቦታው የት ነው?

ፕሌኮፕቴራ በሁለት ትልልቅ ንዑስ ክፍሎች ይከፈላል። አንታርክቶፐርላሪያ የሚባሉት በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ይኖራሉ። አርክቶፐርላሪያ የሚባሉት በአብዛኛው የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ናቸው። ከበሮ መምታት የሚታወቀው በእነዚህ በሁለተኞቹ ነው፤ ፕቴሮናርሲይዴም እዚህ ውስጥ ነው።

የቅርብ ዘመዶቹ ፔልቶፐርሊዴና ስታይሎፐርሊዴ ናቸው። ፔልቶፐርሊዴን ያየ ሰው ዝምድናውን በመልክ ለማመን ይቸግረዋል፤ ኩብኩባው ትንሽ፣ ሰፊና በረሮ መሳይ ነው። ሆኖም እሱም ቅጠል በሊታ ነው፤ አዳኞቹ ፐርሊዴዎች በመልክ ቢቀርቡም በዝምድና ራቅ ይላሉ። በዚህ ቤተሰብ ጥናት ውስጥ መልክ ደጋግሞ ያታልላል።

አንድን ኩብኩባ እስከ ዝርያው ድረስ መለየት እችላለሁ?

ወገኑን አዎ። ስንጥቡ በሆዱ ሁለት ቀለበቶች ላይ ብቻ ከሆነ ፕቴሮናርሲስ፣ ሦስተኛውም ላይ ካለ ፕቴሮናርሴላ ነው። ዝርያውን ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም። አንዳንዶቹ የአፓላቺያን ዝርያዎች በሆዳቸው ጎን መንጠቆ መሳይ ሾሎች ስላሏቸው ይለያሉ። ፕቴሮናርሲስ ካሊፎርኒካንና ፕቴሮናርሲስ ፕሪንሴፕስን ኩብኩባ ሳሉ መለየት ግን ባለሙያንም ያስቸግራል። እርግጠኛው መንገድ ጎልማሳውን ማግኘት ነው፤ የወንዱን የሆድ ጫፍ የመራቢያ አካላትና የሴቷን የሆድ ስር ሰሌዳ ቅርጽ ማየት። ፎቶ ብቻ ልካችሁ የዝርያ ስም የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ በምን እንደለየው ጠይቁት።

አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ ለምን ይለያያል?

አስተኔው በድሮ ጽሑፎች "ፕቴሮናርሲዴ" ተብሎ ተጽፏል፤ ዛሬ የሚሠራበት "ፕቴሮናርሲይዴ" ነው። ቤተሰቡ ያው ነው። "አሎናርሲስ" የሚባል ወገንም ልታገኙ ትችላላችሁ። ኒዳምና ክላሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጡት ስም ሲሆን፣ እነዚያን በጎናቸው ሾል ያላቸውን ዝርያዎች ለብቻ ለመለየት የታሰበ ነበር። በኋላ ልዩነቱ ለብቻ ወገንነት አይበቃም ተብሎ ወደ ፕቴሮናርሲስ ተመልሰዋል። ስለዚህ "አሎናርሲስ ፕሮቴየስ" እና "ፕቴሮናርሲስ ፕሮቴየስ" አንድ ነፍሳት ናቸው። ፕቴሮናርሲስ የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኒውማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1838።

መውጫው ጊዜ ካለፈ በኋላ ትልልቅ ኩብኩባዎች የሚገኙት ለምንድን ነው? ዘግይተው ነው?

አልዘገዩም። ዕድገቱ ሦስትና አራት ዓመት ስለሚወስድ በማንኛውም ቀን ወንዙ ውስጥ የተለያየ ዓመት ልጆች አብረው ይኖራሉ። ዘንድሮ የወጡት በአንድ ዓመት የተፈለፈሉት ናቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ባለተራዎች ቀርተዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ግን ሌላ ነው፤ በአንድ ዓመት የተፈለፈሉትም ሁሉም አብረው አይወጡም። በቂ አካል ያላበጀው ሳይቸኩል ተጨማሪ ዓመት ይቆያል። በዚህ ምክንያት አንድ መጥፎ ዓመት የአንድን ትውልድ ልጆች ሁሉ ጠራርጎ አይወስድም።

ጎልማሳው ላይም ስንጥብ ይታያል። አየር ላይ ሆኖ ይተነፍስበታል?

ይህ ጥያቄ ዕድሜው ከ180 ዓመት በላይ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኒውፖርት እ.ኤ.አ. በ1844 ፕቴሮናርሲስ ሬጋሊስ ብሎ በጠራው ጎልማሳ (ዛሬ ፕቴሮናርሲስ ዶርሳታ የምንለው ነው) ደረት ስር ስንጥብ እንዳገኘ ሲጽፍ አንባቢዎቹን አስደንቆ ነበር። ክንፍ አውጥቶ የሚበር ነፍሳት የውኃ መተንፈሻ ይዞ መገኘቱ ለዘመኑ ሊቃውንት እንግዳ ነገር ነበር።

ዛሬ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቅሪት ነው። ጎልማሳው የሚተነፍሰው በሰውነቱ ጎን ባሉት የአየር ቀዳዳዎች ነው። ስንጥቡ ከመጨረሻው ልውጠት በኋላ ኮስሶና ተጨማድዶ ይቀራል፣ ሥራ የለውም። ለመደብ አዋቂ ግን ይጠቅማል፦ ክንፉ የተበላሸ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የቆየ ናሙና ቢመጣለት እንኳ ገልብጦ ከደረቱና ከሆዱ መነሻ ስር እነዚያን የደረቁ ፈትሎች በማየት ቤተሰቡን ይናገራል።